በማዕረግ የተመረቀችው መሐንዲስ

የዩኒቨርሲቲ ምረቃ በዓል በየትም አገር ቢሆን አንድ የማይቀር ቅጽበት አለው። ካባ የለበሱት ተመራቂዎች በየትምህርት ክፍላቸው ተሰልፈው፣ ወላጆችም አንገታቸውን አስግገው በሚጠባበቁበት ሰዓት የአንድ ሰው ስም ለብቻው ይጠራል። ያ ሰው ከእኩዮቹ ሁሉ በትምህርቱ ልቆ የተገኘ፣ በማዕረግ የሚመረቅ ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል፤ በእኛ አገር ከሆነ ደግሞ የእናት እልልታ ከጭብጨባው በላይ ይሰማል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር እንደ መሆናቸው መጠን ዲግሪውን በገዛ እጃቸው ይሰጡ ስለ ነበር፣ በዚያን ዘመን የተመረቁ አንጋፋ የሙያ ባልደረቦቻችን ያችን ዕለት ባነሡ ቁጥር ድምፃቸው ይለወጣል።

ይህ ጽሑፍ ግን የሚመለከተው ዕለቲቱን ብቻ ሳይሆን ማግስቷንም ነው። በምረቃ ቀን የተሰጠ ክብር ከአዳራሹ በር ወጥቶ እስከ ሥራ ቦታ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሙያ ማኅበር ድረስ ይዘልቃልን? ወይስ በኪራይ እንደ መጣው ካባ ሁሉ በማግስቱ ተመላሽ ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ብዙ መዝገብ ማገላበጥ ቢቻልም፣ ከአንዲት ሲቪል መሐንዲስ ሕይወት የበለጠ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ አላገኘሁም። ስሟ ኖራ ስታንተን ብላች ይባላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ እርሷ ታሪክ ከመግባታችን በፊት ግን ለምህንድስና ተማሪ ክብር መስጠት ራሱ እንዴት እንደ ተጀመረ ጥቂት ማውሳት ያስፈልጋል፤ ነገሩ ብዙዎቻችን እንደምናስበው የቆየ አይደለምና። በአሜሪካ ኮሌጆች በትምህርታቸው ብልጫ ላሳዩ ተማሪዎች የክብር አባልነት የሚሰጠው ፋይ ቤታ ካፓ የተባለው ማኅበር የተመሠረተው በ1776 በቨርጂኒያ፣ በዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ ነበር። ይህ ማኅበር ዓይኑን ያሳረፈው በቋንቋ፣ በፍልስፍናና በመሰል የቀለም ትምህርቶች ላይ ነው። ድልድይ የሚያሰላ ወይም የማዕድን ጉድጓድ የሚለካ ተማሪ የቱንም ያህል ቢልቅ እንደ ባለ እጅ ይታይ ነበር እንጂ ከሊቃውንት ተርታ አይቈጠርም ነበር። ባለ እጅን አሳንሶ ማየት የእኛ አገር ነውር ብቻ የሚመስለው ቢኖር ይህን ልብ ይበል።

ይህን ጉድለት የተመለከተው በፔንሲልቫኒያ የሊሃይ ዩኒቨርሲቲ የማዕድን ምህንድስና መምህር የነበረው ኤድዋርድ ዊልያምስ ነው። ሊሃይ አሳ ፓከር የተባለው የባቡር ሐዲድ ባለሀብት በ1865 ያቋቋመው፣ በብረት ማቅለጫዎችና በከሰል ማመላለሻ መስመሮች አካባቢ የሚገኝ ትምህርት ቤት ስለ ሆነ፣ ለመሐንዲስ ክብር ለመጠየቅ ከዚያ የተሻለ ሥፍራ አይገኝም ነበር ማለት ይቻላል። ዊልያምስ ማንንም ሳያማክር ደንቡን አረቀቀ፤ የአባልነቱን ምስክር ወረቀትና የደረት ምልክቱን ራሱ ነደፈ። ምልክቱም የባቡር ድልድይ እግር ቅርጽ ነው፤ ግራና ቀኝ ዘመም ያሉ ቋሚዎችና አጋዳሚ ማሰሪያዎች ያሉት፣ ማናችንም ብናየው የምናውቀው ዓይነት። በ1885 ሰኔ ወር፣ ትምህርት ባለቀበት ሰሞን፣ በዚያ ዓመት ከተመራቂዎች አንደኛ የወጣውን ኢርቪንግ ሃይክስን ጠርቶ የመጀመሪያው ተማሪ አባል አደረገው። ታው ቤታ ፓይ የተባለው የመሐንዲሶች የክብር ማኅበር እንዲህ በአንድ መምህርና በአንድ ተመራቂ ተጀመረ።

ያ ወጣት የሚያጨበጭብለት የማኅበር ጓድ ሳይኖረው ብቻውን ክብር ሲቀበል ምን ተሰምቶት ይሆን እያልኩ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። ማኅበሩ ለብዙ ዓመታት ከሊሃይ አልወጣም፤ ሁለተኛው ቅርንጫፍ በሚቺጋን የተከፈተው በ1892 ነው። ከዚያ በኋላ ግን በመላው አሜሪካ ተስፋፋ። መለኪያውም በሁለት ወገን የቆመ ነው፤ በአንድ በኩል የትምህርት ውጤት ሲሆን፣ ይኸውም ከመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች በላይኛው አምስተኛ ክፍል፣ ከዚያ በፊት ካለው ዓመት ደግሞ በላይኛው ስምንተኛ ክፍል መገኘት ነው፤ በሌላ በኩል የተማሪው ጠባይ ይመዘናል። በቃሉ ሲታይ እንከን የማይወጣለት ሚዛን ነው። ሚዛኑ ላይ እንዲወጣ የሚፈቀድለት ማን እንደ ሆነ ግን ደንቡን ለሚያነብ ሰው ወዲያው አይታየውም፤ ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እመለሳለሁ።

ሊሃይ ለአንደኛው ተማሪ የክብር ቦታ ካበጀ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በኢታካ ከተማ በሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አንዲት ሴት በሲቪል ምህንድስና በማዕረግ ተመረቀች። ዘመኑ 1905 ነው። ኮርኔል በ1868 የተከፈተ፣ ከ1870ዎቹ ጀምሮም ሴቶችን የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም፣ በምህንድስና ዲግሪ የወሰደች ሴት እስከዚያ ድረስ አልነበረችውም። ከእርሷ በፊት ኬት ግሊሰን የተባለች ልጅ በ1884 የመካኒካል ምህንድስና ጀምራ ነበር፤ ነገር ግን የአባቷ የማሽን ፋብሪካ ስለ ፈለጋት ሳትጨርስ ወደ ሮቸስተር ተመለሰች። ስለዚህ የ1905ቷ ምሩቅ ለኮርኔል የመጀመሪያዋ ናት።

ኖራ የተወለደችው በ1883 በእንግሊዝ አገር፣ በቤዚንግስቶክ ከተማ ነው። አያቷ ኤልዛቤት ኬዲ ስታንተን በ1848 በሴኔካ ፎልስ የተደረገውን የሴቶች መብት ጉባኤ ከመሩት አንዷ ነበረች፤ እናቷ ሃሪዮትም በዚያው መንገድ የቀጠለች የምርጫ መብት ታጋይ ናት። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣች ልጅ የሕግ ወይም የጽሑፍ ትምህርት ብትመርጥ ማንም ባልተደነቀ ነበር። እርሷ ግን ስሌትንና ብረትን መረጠች። በአንዳንድ ጽሑፎች ላይ በአሜሪካ በሲቪል ምህንድስና የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ ትጠራለች፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። ኤልዛቤት ብራግ በ1876 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ኤልሚና ዊልሰን ደግሞ በ1892 በአዮዋ በዚሁ ሙያ ተመርቀው ነበር። ለአንድ ሰው ክብር ስንሰጥ ያልሆነውን ብንጨምርለት ከሌላው ላይ መንጠቃችን ነው። ኖራም ብትሆን የሰው ድርሻ ሳይጨመርላት የራሷ ሥራ ይበቃታል።

ሥራዋ ምን ነበር? እዚህ ላይ የሙያ ጓደኞቼ ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ፤ የክብሩ መሠረት ያለው በምረቃው ወረቀት ላይ ሳይሆን በዚህ ሥራ ላይ ነውና። በዚያን ጊዜ የዋሽንግተን ከተማ የመጠጥ ውሃዋን ለማጥራት ትልቅ የአሸዋ ማጣሪያ ሠርታ በ1905 ሥራ አስጀምራ ነበር። የታይፎይድ በሽታ በከተማው ነዋሪ ላይ ያደርስ የነበረው ጉዳት ለሥራው ዋነኛ ምክንያት ነው። የዚህ ዓይነቱ ማጣሪያ አሠራር ቀላል ነው፤ ውሃው በወፍራም የአሸዋ ንጣፍ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ቆሻሻው ከላይ ይቀራል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። የላይኛው ሽፋን በቆሻሻ ሲደፈን ተፍቆ መነሣት፣ መታጠብና ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ እያንዳንዱ ማጣሪያ አንድ ኤክር ገደማ ስፋት ያለው ሲሆን ደግሞ አሸዋውን በሠራተኛና በእጅ ጋሪ ማመላለስ ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል። ስለዚህ አሸዋውን ከውሃ ጋር ቀላቅሎ በቧንቧ መግፋት ተፈለገ።

ውሃ ብቻውን በቧንቧ ሲሄድ ግፊቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ መሐንዲሶች ያውቁ ነበር። አሸዋ ሲጨመርበትስ? ፍጥነቱ ከፍ ያለ እንደ ሆነ አሸዋው በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይጓዛል፤ ግፊቱም ከንጹህ ውሃ እምብዛም በማይርቅ መጠን ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሲወርድ አሸዋው ወደ ቧንቧው ወለል ያዘቀዝቃል፤ እየተንከባለለ ይሄዳል፤ ንጣፍ ሠርቶ የውሃውን መንገድ ያጠባል። በዚህ ጊዜ ፍጥነቱ የቀነሰ ሆኖ ሳለ የግፊቱ ኪሳራ ይጨምራል፤ ከዚያም አልፎ ቧንቧው ይደፈናል። በሁለቱ መካከል ኪሳራው ከሁሉ የሚያንስበት አንድ ፍጥነት አለ፤ ፓምፕ የሚመርጥ መሐንዲስ ማወቅ ያለበት ያንን ነው። ኖራ ብላች አንድ ኢንች ስፋት ባለው ቧንቧ ደቃቅና ሸካራ አሸዋ እየለየች፣ የአሸዋውን መጠንና የውሃውን ፍጥነት እየለዋወጠች ለካች። በቧንቧ ስለሚጓዝ የአሸዋና የውሃ ድብልቅ በሥርዓት ከተደረጉት ሙከራዎች እጅግ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ይህ ነው።

ውጤቱም የወጣው በማንም ጋዜጣ ላይ አይደለም። አለን ሄዘንና ባልደረባው ሃርዲ ስለ ዋሽንግተኑ ማጣሪያ ያቀረቡት ጥናት በአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር የጥናት መድበል በ57ኛው ቅጽ በ1906 ሲታተም፣ የኖራ ጽሑፍ በጥናቱ ላይ ከተሰጡት አስተያየቶች ጋር አብሮ ታተመ። ሄዘን ማለት የቧንቧ መስመር ያሰላ ሁሉ ከዊልያምስ ስም ጋር አጣምሮ በየቀኑ የሚጠራው ያው ሄዘን ነው፤ ይህ ዊልያምስ ግን ከሊሃዩ መምህር የተለየ ሰው መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። እንግዲህ ከተመረቀች ዓመት ገደማ የሆናት ወጣት ከዘመኑ ታላላቅ የውሃ መሐንዲሶች ጎን በሙያው ከፍተኛ መድበል ላይ ቆመች ማለት ነው። ደለልን ከግድብ ጠርጎ ለማውጣት ለሚያስብ ሰው፣ ለምሳሌ በ1960 የተሠራው የቆቃ ግድብ በደለል ምን ያህል እንደ ተጎዳ ለሚያውቅ የአገራችን መሐንዲስ፣ ያ የአንድ ኢንች ቧንቧ ሙከራ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ይኸው ማኅበር ኖራን በጀማሪ አባልነት ተቀብሏት ነበር፤ በዚህም ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። እርሷም በአሜሪካ ድልድይ ኩባንያ፣ ቀጥሎም ለኒው ዮርክ ከተማ ውሃ በሚያቀርበው መሥሪያ ቤት ሠራች። በ1908 ሊ ደ ፎረስትን አገባች። ይህ ሰው ለሬዲዮ መዳበር ታላቅ መሠረት የሆነውን ባለ ሦስት ዋልታ የኤሌክትሮን ቱቦ የፈለሰፈ ነው። ሙያዋን ትታ በቤት እንድትቀመጥ ፈለገ፤ እርሷ አልተወችም፤ ትዳሩ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ በራድሊ የብረት ሥራ ኩባንያ፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን በረዳት መሐንዲስነት አገለገለች።

ጀማሪ አባልነት የዕድሜ ገደብ ነበረው። ገደቡ ሲደርስ አባሉ ወይ ወደሚቀጥለው ደረጃ ያልፋል፣ ወይ ከመዝገብ ይሰረዛል። ኖራ ወደሚቀጥለው ደረጃ ለማለፍ አመለከተች፤ ማኅበሩም አልተቀበላትም። በ1916 ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደችው፤ ተረታች፤ ስሟም ከመዝገቡ ወጣ። በማዕረግ ከተመረቀች አሥራ አንድ ዓመት፣ ጥናቷ በዚያው ማኅበር መድበል ላይ ከታተመ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። ጥናቱን ከመድበሉ ማውጣት ስለማይቻል እዚያው ቀረ።

«ዘመኑ እንዲያ ነበር» ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል። እኔ ግን ይህን ምክንያት ሙሉ በሙሉ ለመቀበል እቸገራለሁ፤ በዚያው ዘመን የተለየ ውሳኔ የሰጠ ማኅበር ነበርና። ትምህርቷን ሳትጨርስ ከኮርኔል የወጣችው ያች ኬት ግሊሰን በ1914፣ ማለትም ከኖራ ክርክር ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በሙሉ አባልነት ተመዝግባለች። ዲግሪ የሌላት ገባች፤ በማዕረግ የተመረቀችው ወጣች። የሲቪል መሐንዲሶቹ ማኅበር ኖራ የተከለከለችውን ዓይነት ደረጃ ለአንዲት ሴት የሰጠው በ1927 ሲሆን፣ እርሷም ኤልሲ ኢቭስ ናት።

አሁን ወደ ታው ቤታ ፓይ ልመለስ። ችላ የተባሉትን ተማሪዎች ለማክበር የተቋቋመው ይህ ማኅበር በምህንድስና ብልጫ ያላቸው ሴቶች እየበዙ ሲመጡ ምን አደረገ? ደንቡ አባልነትን ለወንድ ብቻ ይፈቅድ ስለ ነበር፣ በ1936 አንድ ማስታረቂያ ተገኘ፤ «የሴቶች ምልክት» የሚባል የክብር ጌጥ ተዘጋጀ። ሚዛኑን ያለፈች ሴት ምልክቱን ትቀበላለች፤ አባል ግን አትሆንም። ውጤቷ ከወንዶቹ እኩል ተመዝኖ አልፏል፤ ምልክቱን በደረቷ ላይ ታደርጋለች፤ ከስብሰባው አዳራሽ ግን ድምፅ የላትም። ይህ ሥርዓት ሠላሳ ሦስት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ1969 ደንቡ ተሻሽሎ ሴቶች ሙሉ አባል ሆኑ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ፣ ፈጽሞ አለማክበር ወይስ እያከበሩ በር መዝጋት፣ አንባቢ ይፍረድ። ምልክቱን ለሰጡት ሰዎች ግን አንድ ነገር ልመስክርላቸው፤ ከመንገዱ ግማሹን እንኳ የሄዱት እነርሱ ነበሩ።

እኔም በተማሪነቴ ዘመን ያየሁትን አንድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አይሆንልኝም። ከክፍላችን በማዕረግ የተመረቀች አንዲት እኅታችን ነበረች። ስሟ ሲጠራ ሁላችንም ከመቀመጫችን ተነሥተን አጨበጨብን፤ አባቷም ጋቢያቸውን አጣፍተው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተቀጠረችበት መሥሪያ ቤት ብቅ ብል በፕላን ክፍል፣ ሌሎች የነደፉትን ስትገለብጥ አገኘኋት። የመንገድ ሥራ ለመቈጣጠር ወደ መስክ ለመውጣት ደጋግማ ጠይቃ ነበር፤ የተሰጣት መልስ «ድንኳን ለሴት አይመችም» የሚል ነው። ከእርሷ በውጤት የምናንስ እኛ በየዱሩ ልምድ ስናካብት፣ የደረጃ ዕድገት በመጣ ቁጥር የመስክ ልምድ የላትም እየተባለ ታለፈች። ልምድ የከለከላትም፣ ልምድ የለሽም ያላትም አንድ መሥሪያ ቤት ነው። እኔም በዚያን ጊዜ ተናግሬ አላውቅም፤ ድንኳኑ ለእኔም አይመችም ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

የኖራን ነገር ስጨርስ፣ ከፍርዱ በኋላ ተሰብራ አልተቀመጠችም። የቤቶች ግንባታ ሥራ ይዛ በራሷ ስም ስትነድፍና ስትሠራ ኖረች። በ1919 ሞርጋን ባርኒ የተባለውን የመርከብ ንድፍ ባለሙያ አገባች፤ ከዚያ ወዲህም ኖራ ስታንተን ባርኒ ተብላ ትታወቃለች። በ1971 በ87 ዓመቷ በኮነቲከት ክፍለ ግዛት አረፈች፤ የሲቪል መሐንዲሶቹ ማኅበር በሕይወት ሳለች ወደ መዝገቡ አልመለሳትም።

በ2015 ማኅበሩ ከሞተች በኋላ የሚሰጥ ከፍተኛ የአባልነት ደረጃ ሰጣት። ከምረቃዋ 110፣ ከክርክሩ 99፣ ከሞቷ 44 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በኢታካ አዳራሽ ስሟ በተጠራ ጊዜ ካጨበጨቡት ሰዎች በዚያን ቀን በሕይወት የነበረ አንድም አልተገኘም።

በእነዚያ 99 ዓመታት ሁሉ ግን አሸዋና ማዕድን በውሃ ገፍተው በቧንቧ የሚያመላልሱ መሐንዲሶች በስሌት ወረቀታቸው ኅዳግ ላይ «ብላች፣ 1906» ብለው ይጽፉ ነበር። ብዙዎቹ ብላች ሴት መሆኗን ሳያውቁ።